አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግሉት አዲሶቹ የማስካራ መቀቢያዎቻችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የመቀቢያዎቻችን ንድፍ የተለወጠበትን ምክንያት ስለማስረዳት

አዲሱን መቀቢያ መላክ ከጀመርን ወዲህ በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውናል። እጀታው ለምን አጠረ፣ ሽቦው ለምን ቀረ፣ ለምን ጥንድ ሆኖ ይመጣል፣ በማሸጊያው ላይስ «ከጀርም ፍጹም የጸዳ» የሚል ጽሑፍ ለምን አልሰፈረም የሚሉት ይበዛሉ። እስካሁን ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ስንመልስ ብንቆይም፣ መልሶቹ አንዱ ከሌላው የተያያዙ በመሆናቸው ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ማቅረቡን መርጠናል።

መነሻችን፣ ከአንድ ጠርሙስ ብዙ ሰዎች ሲቀቡ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት መቀቢያ በእርግጥ ከምን ይከላከላል የሚለው ጥያቄ ነበር። የማስካራ ጠርሙስ ውስጡ እርጥብና ጨለማ ነው፤ የአንድን ሰው ሽፋሽፍት የነካ ብሩሽ ወደዚያ ሲመለስ በቆዳና በዐይን ዙሪያ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ይዞ ይገባል። በቅቡ ውስጥ ያለው መከላከያ ኬሚካል የባክቴሪያዎቹን መራባት ቢገታም፣ ከብዙ ሰዎች ዐይን ተደጋግሞ የሚመጣን ብክለት ሁሉ እንዲቋቋም ተብሎ የተመጠነ አይደለም። ለከንፈር ቅብም ነገሩ ያው ነው፤ በተለምዶ ምች የምንለውን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ በንክኪ ይተላለፋል። እንግዲህ መቀቢያው በመጨረሻ መጣሉ ብቻውን ማንንም አያድንም። አንድን ዐይን ከቀባ በኋላ ለሁለተኛው ዐይን እንደገና ጠርሙሱ ውስጥ የተነከረ መቀቢያ፣ ወዲያው ቢጣልም እንኳ፣ ጠርሙሱን በክሎ ነው የሚሄደው። ይህን ጠንቅቀን የምናውቀው እኛው ራሳችን በሙከራ ጠረጴዛችን ላይ ሳናስበው ደጋግመን ስንነክር አንዳችን ሌላችንን እጅ ከፍንጅ ስለያዝን ነው። እጅ የለመደውን ያደርጋልና፣ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ መጻፉ በቂ ሆኖ አላገኘነውም።

ስለዚህ መቀቢያው ጥንድ ሆኖ እንዲሠራ ወሰንን፤ አንዱ ለቀኝ፣ ሌላው ለግራ ዐይን ነው። ሁለቱ በእጀታቸው ጫፍ በቀጭን አንገት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ያነሣ ሰው ሌላውንም ይዞ ይነሣል፤ አንገቱም በቀላሉ ተሰብሮ ይለያያሉ። ሁለተኛ ዙር መቀባት ለሚፈልግ ደንበኛ እባካችሁ ሌላ ጥንድ አንሡ። በመጀመሪያው ናሙናችን አንገቱን ያደረግነው ወደ ብሩሹ አጠገብ ነበር፤ ሲሰበር ግን ትንሽ ሹል ቅሪት ትቶ ቀረ፤ ያም ለዐይን ከሚጠጋው ጫፍ ላይ። አሁን ስብራቱ በመዳፍ በኩል እንዲሆን ተደርጓል። ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ሞልድ ሁለት ክፍሎች በሚገጣጠሙበት መስመር ላይ የሚወጣው ስስ የፕላስቲክ ትርፍም በእጅ ሲዳሰስ የማይሰማ እስኪሆን ድረስ ሞልዱ ሁለት ጊዜ ተስተካክሏል።

እጀታው ያጠረው ለቁጠባ ብቻ ነው ብላችሁ የጻፋችሁልን በከፊል ትክክል ናችሁ፤ ሁለት ብሩሽ እየሰጠን የፕላስቲኩን መጠን በእጥፍ ማሳደግ አልፈለግንም። ዋናው ምክንያት ግን ጥንካሬ ነው። የአንድ ቀጭን ዘንግ መታጠፍ የሚጨምረው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል፣ ማለትም በርዝመት × ርዝመት × ርዝመት ልክ ነው፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀነስ በዚያው ግፊት የሚታጠፈው አንድ ስምንተኛ ብቻ ይሆናል። ከቀድሞው የብረት ሽቦ ይልቅ ለስላሳ የሆነውን ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ለመጠቀም ያስቻለን ይኸው ነው።

የቀድሞው ብሩሽ የናይለን ጭረቶችን ለሁለት በታጠፈ የማይዝግ ብረት ሽቦ መካከል አስገብቶ በመጠምዘዝ የሚሠራ ነበር። ጥሩ ብሩሽ ነበር፤ ሽፋሽፍትን በማወፈር ረገድ አዲሱ እንደማይተካከለው ለመሸሸግ አንፈልግም። ሆኖም የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ ከዐይን የሚለየው በዙሪያው ባሉት ጭረቶች ብቻ ነው፤ ጥምዝዙ ከላላ ደግሞ ጭረቶቹ ይነቀላሉ። አዲሱ ከጫፍ እስከ እጀታ በአንድ ፍሰት ከአንድ ፕላስቲክ የተቀረጸ በመሆኑ የሚነቀል ነገር የለውም። ቅቡን የሚይዘው በብሩሹ ጥርሶች ብዛት ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል ባለው ክፍተት ጥልቀት ነው። ከጠርሙሱ አፍ ያለው የጎማ ቀለበት ትርፍ ቅብ ለመጥረግ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ብሩሹ ከቀለበቱ ሲሰፋ ቅቡ ሁሉ እዚያው ተጠርጎ ይቀራል፤ ሲጠብ ደግሞ ሳይጠረግ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ክፍተቱን ጠለቅ አድርገን ጥርሶቹን እንዲታጠፉ ያደረግነው፣ ቀለበቱን አልፎ የሚወጣው ቅብ ለአንድ ዐይን እንዲበቃ ነው።

የከንፈር መቀቢያው ብዙም አልተለወጠም። ጫፉ እንደ በፊቱ አጫጭር ጭረቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ቀጥ ብለው ሙጫ ላይ የሚተከሉበት ነው። የዐይን ቆብ መቀቢያው ስፖንጅ ግን የተፈጥሮ ጎማ ለአንዳንድ ሰዎች አለርጂ ስለሚያስከትል ፖሊዩሬቴን ወደተባለ ሰው ሠራሽ ቁስ ተለውጧል።

«ከጀርም ፍጹም የጸዳ» ስለሚለው ቃል፦ ይህ በጋማ ጨረር ወይም በኢትሊን ኦክሳይድ ጋዝ በመሳሰለ ሂደት የሚገኝ፣ በምርመራም የሚረጋገጥ ነገር እንጂ ለማስታወቂያ የሚጻፍ ቃል አይደለም። ብናደርገው እንኳ፣ ሃምሳ መቀቢያ የያዘ ከረጢት ተከፍቶ የመጀመሪያው እጅ ሲገባበት ያ ጽዳት እዚያው ያበቃል። ለሥራችሁ የሚበጀው ንጹሕ አመራረትና ትንሽ ማሸጊያ ነው ብለን እናምናለን። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለኮስሜቲክስ አምራቾች ያወጣውን አይኤስኦ 22716 የተባለ የመልካም አመራረት መመሪያ የንጽሕና ሥርዓት እንከተላለን፤ በየከረጢቱም አሥር ጥንድ ብቻ፣ ብሩሹ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ ላይ ሆኖ ይታሸጋል። እባካችሁ ወደ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አታዛውሯቸው።

ስለ ቆሻሻው የጠየቃችሁን ደንበኞች ተገቢ ጥያቄ አንሥታችኋል። መቀቢያው ከአንድ ፕላስቲክ መሠራቱ መልሶ ለመጠቀም ያመቻል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ትንሽ ዕቃ በመለያ ማሽኖች ወንፊት ሊያልፍና ሊጠፋ ስለሚችል «መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል» ብለን አልጻፍንም። ከዕፅዋት የሚገኘውን ፒኤልኤ የተባለውን ፕላስቲክም ሞክረናል። በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በሚሠሩ የቆሻሻ ማብላያ ተቋማት ነው፤ ችግሩ በዚያው የሙቀት መጠን አካባቢ መለስለስ መጀመሩ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ በተረሳ ካርቶን ያሉት መቀቢያዎች ተጣመው ይጠብቋችኋል። እንጨት ስንጥር ስለሚኖረው ለዐይን አንመክረውም፤ ክሬም ከዕቃው ለመጨለፍ ግን ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ከሌላ ሻጭ ብትገዙትም ቅር አይለንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የፕላስቲክ ዘንግ ያላቸው የጆሮ ማጽጃዎች ከ2021 ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርቡ ከልክሏል፤ የእኛም ዓይነት ዕቃ አንድ ቀን ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሣበት እንደሚችል እያሰብን ነው የምንሠራው። በራሱ ማስካራ ለራሱ ብቻ የሚኳል ሰው ደግሞ ይህ ምርት ጨርሶ አያስፈልገውም።

የቀድሞው ባለ ሽቦ መቀቢያ በእጃችን ያለው ክምችት እስኪያልቅ ድረስ ለሚጠይቁ ደንበኞች መላኩ ይቀጥላል። አዲሱ በምትጠቀሙበት ጠርሙስ አፍ አልገባ ያላችሁ ወይም ቅቡን በደንብ ያልያዘላችሁ ካላችሁ፣ የጠርሙሱን አፍ የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ለክታችሁ ከሚቀጥለው ትእዛዛችሁ ጋር ጻፉልን፤ ቀጠን ያለው ሁለተኛው ሞልድ ገና ስላልተቆረጠ ልኬታችሁ በጊዜው ይደርስልናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የምርት ንድፍ ክፍል