ለልጆቻችን የተላከው የምርጫ ካርድ መሳቢያ ውስጥ አይቅር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በውጭ አገር ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ፣ አንድ ሰው የሚኖርበትን አገር ዜግነት ሳይወስድ በዚያ አገር ምርጫ ድምፅ መስጠት እንደማይችል ተገልጿል። ይህ ለብዙ አገሮች እውነት ቢሆንም ለሁሉም ግን አይደለም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ አምኜ ለገዛ ልጄ የተሳሳተ ምክር የሰጠሁ አባት ስለሆንሁ፣ ስሕተቱ በሌላ ቤት እንዳይደገም ይህን ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ እጽፋለሁ።

ልጄ የምትኖረው በስዊድን፣ በጎተንበርግ ከተማ ሲሆን፣ ሥራዋ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያስተዳድረው ቤት አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የስዊድን የምርጫ ካርድ የያዘ፣ በስሟ የተጻፈ አንድ ፖስታ ደረሳትና መስመር ሲገኝ ደውላ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ነው፤ በሰው አገር ምርጫ ገብተሽ ጣጣ እንዳታመጪ፣ ተይው» አልኋት። እሷም ቃሌን አክብራ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት ካርዱ የሚላከው መብቱ ላለው ሰው ብቻ እንደሆነ ባታስረዳት ኖሮ፣ እስከ ዛሬም እዚያው በቀረ ነበር። የምርጫው ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣች ሄዳ ድምፅ ሰጠች፤ በዓሉን እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ስትደውልም አስቀድማ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር።

ስዊድን ይህን መብት ለውጭ ዜጎች የሰጠችው እ.ኤ.አ. ከ1976 ምርጫ ጀምሮ ነው። ዕድሜው 18 የሞላና ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታት ስሙ በአገሪቱ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ የቆየ የውጭ ዜጋ ለማዘጋጃ ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች መምረጥ ይችላል። የብሔራዊው ፓርላማ ምርጫ ግን ለዜጎች ብቻ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ልጄ ነጩንና ሰማያዊውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ስትጠቀም ቢጫው አይመለከታትም።

እኛ የለመድነው ተሰልፎና መታወቂያ አሳይቶ የመራጭነት ካርድ መውሰድን ነው፤ እዚያ ግን ለምርጫ ተብሎ የሚደረግ የተለየ ምዝገባ የለም። የመራጮች መዝገብ ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው በቀጥታ ከነዋሪዎች መዝገብ ተወስዶ ይዘጋጃል፤ ካርዱም እዚያው ላይ በተጻፈው አድራሻ በፖስታ ይላካል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛን ልጆች የሚጎዳቸው ይኸው ቅለቱ እንደሆነ አምናለሁ። የነዋሪዎችን መዝገብ የሚይዘው የግብር መሥሪያ ቤቱ ሲሆን፣ ቤት ቀይሮ ያላስታወቀ ሰው ካርዱ የሚደርሰው በቀድሞው አድራሻ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከጓደኛ ጋር ተዳብሎ ስሙን በየትም ሳያስመዘግብ የሚኖረው ነው፤ አምስት ዓመት ቢቀመጥም ሦስቱ ዓመት አይቆጠርለትምና። አስቀድሞ ድምፅ መስጠት ምርጫው 18 ቀን ሲቀረው የሚጀመር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በየሰፈሩ ባሉ ቤተ መጻሕፍት ይካሄዳል፤ ለዚህም ካርዱና መታወቂያው ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በምርጫው ቀን በገዛ ጣቢያው ለሚመርጥ ሰው ግን ማንነቱን የሚያረጋግጥ መታወቂያ ይበቃዋል።

በመጀመሪያው የ1976 ምርጫ መብቱን ካገኙት የውጭ ዜጎች 60 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጥተው እንደነበርና ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ እንደወረደ ሳነብ አዝኛለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስነው ሩቅ ያለ ጉዳይ አይደለም፤ የልጅ ልጄ የሚውልበትን መዋዕለ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤቱን፣ ልጄ የምትሠራበትን የአረጋውያን ቤት በጀትና የሠራተኛ ቁጥር ነው። ሐኪም ቤቱ ደግሞ በክልሉ እጅ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ የሚከፈለው የገቢ ግብር መጣኔ በአማካይ 32 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ግብሩ ከዜጋውም ከውጭ ዜጋውም እኩል ይሰበሰባል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ ሲባል የጎጃም ገበሬ ግምቱ ወደ መሬት ልኬታ ይሄዳል፣ ርስቴንም ያሳጣኛል ብሎ በሞጣና በቢቸና ሲነሣ እኔ ልጅ ነበርሁ፤ አባቶቻችን የተቆጡት ስለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በገዛ መሬታቸው ላይ ሌላ ሰው ሊወስን ነው ብለው ስለሠጉ ጭምር ነበር። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ግብሩን እየከፈለ፣ በአጠቃቀሙ ላይ ተናገር ሲባል ዝም ማለቱ አይገባኝም።

ስዊድን በዚህ ብቻዋን አይደለችም። ኖርዌይም ሦስት ዓመት ለኖረ፣ ፊንላንድ ሁለት ዓመት፣ ኔዘርላንድስ አምስት ዓመት ለኖረ የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ የመምረጥ መብት ይሰጣሉ። አየርላንድ ነዋሪነትን እንጂ ዜግነትን አትጠይቅም፤ ነገር ግን መዝገቡ ውስጥ ለመግባት ነዋሪው ራሱ ማመልከት አለበት። ቤልጂየምም አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ ራሱ አመልክቶ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ለማክበር ቃሉን በፊርማ ያረጋገጠን ሰው ትመዘግባለች፤ ካላመለከተ ግን ማንም ፈልጎ አይመዘግበውም። በእንግሊዝ ያለ ኢትዮጵያዊ አገራችን የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች የተሰባሰቡበት ማኅበር) አባል ስላልሆነች አይመርጥም፤ በስኮትላንድና በዌልስ ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በወጡ ሕጎች መሠረት በአካባቢና በየፓርላማዎቻቸው ምርጫ ይመርጣል። ኒውዚላንድ ከሁሉም ርቃ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና አንድ ዓመት የኖረ ሰው ለብሔራዊው ፓርላማም ጭምር እንዲመርጥ ፈቅዳለች። በጀርመን ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ጉዳዩን ስለዘጋው እዚያ ያሉ ልጆቻችን ዜግነት እስኪያገኙ ይጠብቃሉ።

ስለ አሜሪካ የምጽፈው በብርቱ ማሳሰቢያ ነው። የወንድሜ ልጅ በዲቪ ሄዶ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ በሄደበት ቢሮ ለመራጭነት መመዝገብ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ቀርቦለት ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠውና አጠገቡ የነበረ ያገር ልጅ አስቆመው እንጂ ሊፈርም ነበር። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው፤ ባለማወቅ ዜጋ ነኝ ብሎ ምልክት ማድረግም በኋላ ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። በሌላ በኩል እዚያው አጠገብ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምራ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማዋ ምርጫ ታሳትፋለች። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቶ በ2024 ምርጫ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ቅጹ የትኛውን ምርጫ እንደሚመለከት ሳያረጋግጥ ማንም እንዳይፈርም እለምናለሁ።

ዜግነቱን ለምን አይወስዱትም የሚል አይጠፋም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ቢይዝም አዋጅ ቁጥር 270/1994 የመምረጥና የመመረጥ መብት አይሰጠውም። ፓስፖርቱን አልለቅም ያለውም ቢሆን የምርጫ አዋጃችን መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ እዚህ አይመርጥም። የአካባቢ ምርጫውንም ከተወው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ የእኛም ሕግ በመካከላችን ለሚኖር የውጭ ዜጋ ለቀበሌ ምርጫ እንኳ በር አልከፈተም፤ ይህም ራሱን ችሎ ሊወያዩበት የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል።

የስዊድን ቀጣይ ምርጫ የሚካሄደው መስከረም 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ የሚዘጋጀው 30 ቀን አስቀድሞ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሆነ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ከዚያ በፊት ማስተካከል ይኖርበታል። የቀደመውን ዘገባ ስታርሙ ይህን ቀን አብራችሁ እንድታወጡልን፣ በስዊድን ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ያለው አንባቢም ሲደውል አድራሻቸው በትክክል መመዝገቡን እንዲጠይቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ