ከአዳር ወጥተሽ ክሊኒክ አትግቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ግፊቴም ልኩን ይዟል። ማክሰኞ ዕለት ግን የጎረቤታችን ልጅ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ መጥቶ ያወራኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጠዋት ከቃሊቲ ተሳፍረሽ፣ ቦርሳሽን አቅፈሽ፣ መውረጃሽን አልፈሽ እስከ ቱሉ ዲምቱ ተኝተሽ ሄድሽ አለኝ። ሲቀሰቅስሽ ደንግጠሽ «መድኃኒቱን ሰጥቻለሁ» አልሽው። ልጁ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ትሄጂ የነበረውም ከአዳር ሥራሽ ወጥተሽ ወደ ቤትሽ ሳይሆን፣ ሌላ ሥራ ወደያዝሽበት ወደዚያ ክሊኒክ ነበር።

ከአዳር ወጥተሽ ክሊኒክ አትግቢ።

ለገንዘብ እንደሆነ አውቃለሁ። የኮንዶሚኒየሙ ኪራይ አለ፣ ለወንድምሽ ትልኪያለሽ፣ ለእኔም ትልኪያለሽ። ያለፈውን ወር 2,000 ብር በቴሌብር መልሼልሻለሁ። ደግመሽ እንዳትልኪው፣ እቆጣለሁ።

ተማሪ ሳለሽ እዚሁ ሳሎን ጮክ ብለሽ ስታጠኚ፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው መጠጥ እንደቀመሰ ሰው እጁም ሐሳቡም ይዘገያል ብለሽ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። አዳር ቆመሽ አድረሽ ክሊኒክ ስትገቢ ስንተኛ ሰዓትሽ ነው? እስቲ ቁጠሪው።

በር ላይ ሱቅ ያለውን ጋሼን ታውቂዋለሽ። ሁለት ጣቱን ማሽን ወሰደው ብለን ነው ያሳደግንሽ። በየፋሲካው ገና እኛ ሳንቀምስ ወጥ ይዘሽለት እንድትሄጂ ለምን እንደማዝሽ ስትጠይቂ፣ እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ «አባትሽ ይወደዋል» ትልሽ ነበር። ልጄ፣ ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ፋብሪካው ውስጥ እኔና ጋሼ ሦስተኛው ፈረቃ ላይ ነበርን። እኔ ከዚያ በፊት ያለውንም ፈረቃ ደርቤ ሠርቻለሁ። ገንዘቡን ለምን እንደፈለግኩት ይቅር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ጥጥ የሚያበጥረው ማሽን ተጠላልፎ ቆመ። እሱ እጁን ከትቶ የተጠመጠመውን ያወጣል፣ እኔ ማስነሻው ጋ ቆሜአለሁ። «አስነሳው» ሲለኝ ሰማሁ። ቆሜ ነበር፣ ዓይኔም ተገልጦ ነበር፣ ግን ተኝቼ ነበር። እሱ ምንም አላለም። ለአለቆቹ ማሽኑ በራሱ ተነሣ አልኳቸው። እሱም ዝም አለ፣ እስከ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። ሱቁ ሄጄ ስኳር ስገዛ መልሱን በዚያች ሁለት ጣት በጎደላት እጁ ቆጥሮ ይሰጠኛል፣ እኔም ተቀብዬ እወጣለሁ። ስንት ዓመት!

አንቺ የያዝሽው ደግሞ መርፌ ነው። ከአዳር ወጥተሽ ክሊኒክ አትግቢ።

አሁን ስሚኝ። ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ያለው ነው። ከዚያ በፊት ከጓደኛሽ ጋር ተፈራርቃችሁ 20 ደቂቃ ጋደም በሉ። ኃላፊዋን አስፈቅዳችሁ አድርጉት፣ ተደብቃችሁ አይሁን። እንደተነሣሽ ወዲያው መድኃኒት አትንኪ፤ ፊትሽን ታጠቢ፣ ትንሽ ተራመጂ። የመድኃኒቱን መጠን ለጓደኛሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ እሷም ታረጋግጥልሽ። ቡና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዲህ ይቅርብሽ፣ ቀን እንቅልፍ ይከለክልሻል። የእናትሽን ጥቁር ብርድ ልብስ በረዳቱ ልጅ ልኬልሻለሁ፤ መስኮቱ ላይ በሚስማር ምቺው። ስልክሽን አጥፊ። ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት እኔም አልደውልም። በሶውም አብሮ አለ።

በፋሲካ ማግስት ሳህን እያጠብሽ «አባዬ፣ በሽተኛ ሲሞት ማዘን አቃተኝ» ያልሽኝን አልረሳሁትም። ያኔ የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። በኋላ በሬዲዮ ሰማሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛል ብሎ ከመዘገበው ነገር አንዱ ምልክት ሰው ልቡ ከሥራው መራቁ ነው አሉ። አንቺን አሰብኩ። ጫጩት ሞተችብኝ ብለሽ ሦስት ቀን እህል እምቢ ያልሽ ልጅ ነሽ። ልብሽ አልጠፋም፣ ደክሞሽ ነው የኔ እናት።

እሑድ ነይ። ጋሼ ሱቅ አብረን እንሄዳለን፤ ያልነገርኩትን አንቺ ባለሽበት እነግረዋለሁ። የቅዳሜ አዳር ካለሽ ግን መጀመሪያ ትተኛለሽ። አልጋሽን አንጥፌአለሁ፣ ውሻውንም ጓሮ አስረዋለሁ።

አባትሽ