ከደሴ እስከ ውጫሌ በጋሼ ሳይክል

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደሴ ዛሬ ጉም ለብሳለች፤ ጦሳ ተራራ ጨርሶ አይታይም። እጄን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅኩ ነው የምጽፍልህ።

ከተነጋገርን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። አባትህ ጋሼ ያረፉት ኅዳር 2014 ላይ ነው። ያኔ ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ነበር፤ እኔም ቤተሰቤን ይዤ አዲስ አበባ ነበርኩ። አንተ ደግሞ ባሕር ማዶ ሆነህ መርዶውን ብቻህን ሰማህ። ቀብራቸው ላይ አለመቆሜን ጊዜው ነው ያመጣው። ስልክ አለመደወሌን ግን በጊዜው አላሳብብም። «ነገ እደውላለሁ» ስል ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ወሩ ሲደራረብ አፈርኩ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ስልክ አንስቶ ምን ይላል? ይቅር በለኝ ወንድሜ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የሳቸው ሳይክል ነው።

ጥር ላይ እህትህን ልጠይቅ ሄጄ፣ ጓዳ ውስጥ በጆንያ ተሸፍና አየኋት። ያቺው ጥቁሯ፣ ከባዷ፣ ማርሽ የሌላት። ሆጤ ሜዳ ላይ እየተፈራረቅን የተማርንባት። እህትህ «ዝጋ ከምትቀር ውሰዳትና ንዳት» አለችኝ። ፒያሳ ወዳለ አንድ ሳይክል ሠሪ ወሰድኳት። ኩሽኔታዋን ፈታ። የደረቀውን ግሪስ በነጭ ጋዝ አጠበው። ከዚያ ትንንሾቹን የብረት ኳሶች አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውሎ መዳፉ ላይ አሳየኝ። እንደ አዲስ ያብለጨልጫሉ። «የድሮ ብረት እኮ ነው» አለኝ። ሰንሰለቷና ጎማዎቿ ግን አልቀው ስለነበር ቀየርናቸው። ኮርቻዋን አላስነካሁም። ጋሼ በመዳብ ሽቦ የሰፉት ቆዳ እንዳለ ነው።

መጀመሪያ የት የወሰድኳት ይመስልሃል? ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ነዋ!

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። ይሄ ሁሉ ቁልቁለት በሁለት የላስቲክ ፍሬን ነው የሚያዘው። ጋሼ እንዴት እንደሚያወርዱን ታስታውሳለህ? ፍሬኑን ጨብጠን እንድንቆይ አይፈቅዱም ነበር። ጨበጥ፣ ለቀቅ። ጨበጥ፣ ለቀቅ። በየሁለት ሦስት ኩርባው ያስቆሙናል። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቸርኬውን ይነኩታል። «ጭስስ» ካለ ዳር ይዘን ቁጭ ነው። ያን ጊዜ በጣም ይሰለቸኝ ነበር። ቸርኬ ሲግል ጎማ ሊፈነዳ እንደሚችል የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። እኔም እንደሳቸው አደረግኩ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቆሜ ጣቴን አስነካሁት። ጭስስ አለ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሽቅብ የሚያቃስቱትን ሲኖትራኮች እያየሁ እስኪበርድ ጠበቅኩ። የጋሼ ድምፅ ከጎኔ ያለ መሰለኝ።

ስመለስ ግማሹን መንገድ ገፋኋት። ማርሽ በሌለው ሳይክል ሐረጎን መውጣት ቀላል አይደለም። የመንደሩ ልጆች ከኋላ እየገፉ እስከ ላይ ድረስ ሸኙኝ። ከወጣሁ በኋላ ያስታወስኩት ብስክሌተኛውን ጽጋቡ ግርማይን ነው። በሰኔ 2008 ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ከዚያ ማዶ ሆነህ ደውለህልኝ «የእኛን ሐረጎ ያየ ዳገት አይፈራም» ብለህ ጮህክብኝ። ያ ድምፅህ ናፍቆኛል።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሰሜን ዞርኩ። ቦሩ ሜዳ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ሜዳ ነው ብለህ ስትዝናና ከዳገት የባሰ ያደክምሃል። ጋሼ እዚያ ያቁሙንና ስለ 1870ው ጉባኤ ይነግሩን ነበር። አፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖቱን ክርክር እንደቋጩ፣ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊም ተጠምቀው ራስ ሚካኤል እንደተባሉ። አንተ የክርስቲያን፣ እኔ የእስላም ልጅ ነን። እሳቸው ግን አንዱንም ሳያድበሰብሱ፣ ሁለታችንንም እኩል እያዩ ነው የነገሩን። በግድ ሃይማኖቱን የለወጠው ሰው ሐዘንም ሳይቀር። እንደሳቸው ያለ የታሪክ አስተማሪ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ትወርዳለህ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ውሃው ከላይ ብቅ ሲል እግርህ ፔዳል መምታት ይረሳል። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እስጢፋኖስ ገዳም ሲሳለሙ፣ እኔ ዳር ላይ አሳ ጥብስ እየበላሁ እጠብቃችሁ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ትምህርት ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ መሆኑን ከሳቸው ነው የሰማሁት። አሁንም አሳው አለ። ብቻዬን ስበላው ግን አልጣፈጠኝም።

ዋናው ነገር ውጫሌ ነው።

መንገዱ ከሐይቅ በኋላ ይሞቃል። አምባሰል በግራህ ግድግዳ ሆኖ ይከተልሃል። ጋሼ ደሴ ሳይዛወሩ በፊት ውጫሌ አስተምረው የለ? ቅዳሜ ወደ ደሴ፣ እሑድ ማታ ወደ ውጫሌ፣ በዚችው ሳይክል። ይስማ ንጉሥ ያለውም እዚያው አምባሰል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ከጣልያን ጋር የውጫሌ ውል የተፈረመበት። አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በአንድ ግስ ምክንያት ዓድዋ ድረስ ተሄደ። ጋሼ «ግስ በደንብ ያዙ» እያሉ ሰዋስው ያስጠኑን የነበረው ለዚህ ነው።

ውጫሌ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። ከመንገዱ በላይ ካለች ቤት አንዲት እናት ወጡና «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቀመጥ፣ ና ግባ» አሉኝ። ሳፋ ውሃ አቀረቡልኝ። ከመነዳሪውን እየነከርኩ ቀዳዳውን ስፈልግ፣ እሳቸው ቡና ይቆላሉ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል አገኘሁት፤ መርፌ የማታህል ቀዳዳ ናት። ጣቴን እዚያው ላይ አድርጌ ቀና ስል፣ እትዬ ሳይክሏን ትኩር ብለው እያዩ ነው። የቡናውን ምጣድ አስቀመጡ። መጥተው የኮርቻውን የመዳብ ሽቦ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይቺ የመምህሩ አይደለችም?»

«ነች» አልኩ።

«ልጆቼን ያስተማሩ ናቸው። ደህና ናቸው?»

ወንድሜ፣ መርዶ መንገር በኔ ላይ ወደቀ። ላንተ አንዲት ቃል ያልነገርኩ ሰው፣ ለማላውቃቸው እናት ነገርኩ። እትዬ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጎረቤት ተጠራ። ሦስት አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። አንዱ ከደሴ ሲመጡ ጠመኔ በኪሳቸው ይዘው እንደሚመጡ ነገረኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሲያልቅበት። ቡናው ፈላ። ሼሁ ዱአ አደረጉላቸው፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሰው «አሚን» አለ። እኔም አለቀስኩ። ከሞቱ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። ለቅሶህን እዚያ ደረስኩልህ።

እትዬ ሲሸኙኝ ቆሎ በፌስታል አስያዙኝና «ልጃቸው ሲመጣ ይዘኸው ና» አሉ። ቃል ገባሁላቸው።

እንግዲህ ና። ጥቅምት ይሻላል። ክረምቱ ያበቃል፣ አየሩ ጥርት ይላል። መጋቢት ላይ ከመጣህ የበልግ ዝናብ ይይዘናል። ሁልጊዜ ከመውጣቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮቹን ስለ መንገዱ ሰላም እጠይቃለሁ፤ ደህና ካላሉኝ አልንቀሳቀስም። አንተም ስትመጣ እንደዚያው ነው። ሰላም ከሆነ ከውጫሌ በመርሳ አድርገን ወልድያ እንገባለን፤ ከደሴ ጠቅላላው 120 ኪሎ ሜትር ነው። መርሳ ላይ ማንጎ እንበላለን። ባቲንም ለሰኞ ገበያ ብናደርገው ደስ ይለኛል፤ ግን ያ መንገድ የጅቡቲ መኪና ይበዛበታል፣ ገና በሌሊት መነሳት ይኖርብናል።

እኔ ሌላ ሳይክል አላጣም። የጋሼን አንተ ትይዛታለህ። ኮርቻዋ ለኔ ከፍ ይላል፤ ለቁመታቸው የተሠራ ነው። ዝቅ አላደረግኩትም።

አንድ ነገር አደራ። 28 ቁጥር ከመነዳሪ ሁለት ይዘህልኝ ና። እዚህ የሚገኘው 26 ብቻ ነው፤ የውጫሌውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ለጥፌዋለሁ።

ወንድምህ፣ ከደሴ