ከቢጫው ወረቀት ሥር ያለው ዋጋ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ለሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በጥምቀት ቅናሽ ስም ዋጋው ስለተጨመረ ዘይትና አይመለስም ስለተባለ ሲኒ

ጤና ይስጥልኝ።

ሱቃችሁ ከተከፈተ ጀምሮ ደንበኛችሁ ነኝ። የወር አስቤዛዬን የምሸምተው ከእናንተ ነው። ቅዳሜ ገበያን ጠልቼ አይደለም፤ ሽንኩርቱንና በርበሬውን አሁንም እዚያው ነው የምገዛው። ለዘይትና ለሳሙና ግን ስከራከር መዋል ደከመኝ። እናንተ ዘንድ ዋጋው ተለጥፏል፣ ደረሰኝ አለ፣ ክርክር የለም። የዛሬው ቅሬታዬም እዚያው የተለጠፈው ዋጋ ላይ ነው።

ጥር 7 ቀን በቴሌግራም ቻናላችሁ «ታላቅ የጥምቀት ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ለቀቃችሁ። ባለ 5 ሊትር የሱፍ ዘይት፣ 1,690 የነበረው 1,480 ብር። ለጥምቀት የጎንደር ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የእኔ ቤት ዘንድሮ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጣ ዘጠኝ እንግዳ ነበረበት፤ ግማሹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው ያደረው። በማግስቱ መጥቼ ሦስት ዘይት ገዛሁ። አንድ ደርዘን ሲኒም ጨመርኩ፤ እሱም ቅናሽ ነበረው። በቴሌብር ከፍዬ ወጣሁ። 630 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ባጃጁን እንኳ ሳልከራከር ተሳፈርኩ።

ማታ አንዱን ዘይት ልከፍት ስል የቢጫዋ ቅናሽ ወረቀት ጫፍ ተነስቷል። በጥፍሬ ሳብ ባደርጋት ከሥሯ ነጭ ወረቀት ብቅ አለ። 1,420 ይላል። ሁለተኛውን ላጥኩት፤ 1,420። ሦስተኛውም ያው። የለጠፈው ሰው አሮጌውን ዋጋ ለመላጥ እንኳ አልደከመም።

እኔ ደረሰኝ አልጥልም። ሳንቲም ቆጣሪ በሉኝ፣ ግድ የለኝም፤ በመንግሥት ደመወዝ አራት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሳንቲም ካልቆጠረ ወሩን አይዘልቅም። ደረሰኝ የማጠራቅምበትን የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩ። ታኅሣሥ 12፣ ገና ጾሙ ሳይፈታ፣ ይህንኑ ዘይት ከእናንተው በ1,420 ገዝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ተወዶ ይሆናል ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኳት። እሷ የገዛችው ጥር 3 ነው። ደረሰኟ 1,420 ይላል። ታዲያ ያ 1,690 መቼ ነበር? በአራት ቀን ውስጥ ወጥቶ፣ ተሸጦበት፣ ተመልሶ ወረደ?

ዘይት ተወደደ ብትሉኝ ይገባኛል። መንገዱም ትራንስፖርቱም ለማንም የተሰወረ አይደለም። በግልጽ 1,480 ብላችሁ ብትለጥፉ ትንሽ አጉረምርሜ አንድ ገዝቼ እሄድ ነበር። ሦስት ያሸከመኝ «ቅናሽ» የሚለው ቃል ነው። በየአንዳንዱ 60 ብር ጨምሬ፣ በድምሩ 180 ብር ከፍዬ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ይቺ ደስታዬ ናት አሁን የምታንገበግበኝ።

ወደ ሲኒው ልምጣ። ካርቶኑን የፈታሁት ለበዓሉ ቡና ሳፈላ ነው። ከደርዘኑ የሁለቱ ጠርዝ ተሸርፏል፤ አንዱማ ከንፈር የሚቆርጥ ነው። ትናንት ይዤ ብመጣ ካሸሯ ልጅ «እትዬ፣ የቅናሽ ዕቃ አይመለስም ተብለናል» አለችኝ። እሷን አልወቅስም፣ አንገቷን ደፍታ ነው የነገረችኝ። ትእዛዙን ያወጣው ሰው ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ቢያነብ ጥሩ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። በቅናሽ ከተገዛ ግን ይቀራል የሚል ነገር አላየሁበትም። ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያንም የሚከለክለው ይኸው አዋጅ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። 180 ብሬን መልሱልኝ። ሁለቱን ሲኒዎች ለውጡልኝ። ቴሌግራሙ ላይ አሁንም ያለውን ማስታወቂያ አንሱት፤ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ 1,690 ላይ ያ ቀይ መስመር እንደተሰመረበት ነው። ያንን አምኖ የገዛ ሌላም ሰው ስላለ ለእነሱም ልዩነቱን ብትመልሱ ደግ ነበር። ግን እነሱ ደረሰኝ ስለመያዛቸው እንጃ።

ሲኒዎቹን የገዛሁት ጥር 8 ስለሆነ 15 ቀኑ ጥር 23 ይሞላል። እስከዚያ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ይዤ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ እሄዳለሁ። ባልሄድ ደስ ይለኛል፤ ወረፋውን አውቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ፣ ከማራኪ

አባሪ፦ የሦስት ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ (የእኔ ሁለት፣ የጎረቤቴ አንድ)፣ የሁለቱ ሲኒዎች ፎቶ፣ ከነጩ ጋር እንደተጣበቀች የተላጠች አንዲት ቢጫ ወረቀት። ሁለቱ ቢጫዎች እኔ ዘንድ ናቸው።