የዓባይ በረሃ ዛጎሎች ወገን አልጠፋም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዓባይ በረሃ ቅሪተ አካላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር በመኪና መስኮት የምናየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል እንደነበር በአማርኛ የሚጽፍልን ሰው ብዙ የለንም። አንድ ዐረፍተ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ድንጋዩ ውስጥ ስላሉት ብራኪዮፖዶች፣ ማለትም ባለ ሁለት ክዳን ቅርፊት ስላላቸው የባሕር እንስሳት፣ ስትጽፉ «ከዳይኖሰሮች ጋር አብረው የጠፉ» ብላችኋል። አልጠፉም። ዛሬም አሉ።

ዓባይ በረሃ ላይ ድንጋይ ሆነው የቀሩት ዝርያዎች በርግጥ የሉም። ወገናቸው ግን አለ፤ ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎች አሁንም በዓለም ባሕሮች ይኖራሉ። ትልቁ ዱላ ያረፈባቸውም ዳይኖሰሮች ከመጥፋታቸው እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያኔ አብዛኛው የባሕር ሕይወት ሲያልቅ እነሱም ክፉኛ ተመቱ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው የባሕሩን ወለል ሞልተውት አያውቁም።

ታዲያ የት ነው ያሉት? ብዙዎቹ የአህጉሩ ጠርዝ አልቆ ወለሉ ወደ ጥልቁ መውረድ በሚጀምርበት አካባቢ ናቸው፣ ከ100 እስከ ጥቂት መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ። ኮርሲካ ደሴት አጠገብ፣ ሜዲትራኒያን ውስጥ፣ ግሪፈስ ቪትሪየስ የሚባለው ነጭ ብራኪዮፖድ እንዲህ ባለ ጠርዝ ላይ በብዛት ይገኛል። በኖርዌይና በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ደግሞ ሌሎች ዝርያዎች ድንጋይና በቀዝቃዛ ውኃ የሚያድግ ኮራል ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ከዚያ አልፎ እውነተኛው ጥልቅ ባሕር አለ፤ የፀሐይ ብርሃን ፈጽሞ የማይደርስበት። እዚያ የሚገኘው ፔላጎዲስከስ አትላንቲከስ ከጥፍር አይበልጥም፣ ግን በአትላንቲክም በፓስፊክም በሕንድ ውቅያኖስም ተገኝቷል፣ ከ5,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ቦታ ጭምር። የእንግሊዟ ቻሌንጀር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር ከየባሕሩ ያወጣቻቸውን ብራኪዮፖዶች ቶማስ ዴቪድሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ መርምሮ በ1880 ዘገባውን አሳትሟል። አቢሶታይሪስ ዋይቪሌይ የተባለው የጥልቅ ባሕር ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ጉዞ የሳይንስ መሪ ከዋይቪል ቶምሰን ነው። ነገሩ የታወቀው ትናንት አይደለም ማለቴ ነው።

እንዴት እንደሚኖሩ ባወቅሁ ቁጥር ይበልጥ ይገርመኛል። አብዛኞቹ ከቅርፊታቸው ጫፍ ባለች ቀዳዳ በምትወጣ አጭር ዘንግ ጠጣር ነገር ላይ ይጣበቃሉ፤ አለት ሊሆን ይችላል፣ የሞተ ኮራል፣ የሌላ እንስሳ ቅርፊት። ከዚያ ሁለቱን ክዳኖች በትንሹ ገርበብ አድርገው፣ ውስጥ ባለው ተጠምዞ የተቀመጠ ጸጉራም ክንድ ውኃውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ደቃቅ ምግብ ይለቅማሉ። ጉልበት አያባክኑም፣ ትንሽ ምግብ ይበቃቸዋል፣ ሥጋቸውም ጥቂት ነው። ሌላው ፍጥረት ምግብ አነሰኝ ብሎ በሚቸገርበት ጥልቀት የሚበረቱት ለዚህ ይመስለኛል። ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ሰዎች ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፦ ሁለቱ ክዳኖች እኩል አይደሉም፣ አንዱ ይተልቃል፣ የትልቁ ጫፍ ጎበጥ ይላል፣ ሳይሰበር ከተገኘ ዘንጓ ትወጣበት የነበረችው ቀዳዳም እዚያው ትታያለች። መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ብታሰምሩ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው።

ጥልቀት ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም። ኒውዚላንድ ውስጥ በፊዮርድላንድ ዝናቡ እጅግ ብዙ ነው። ከጫካው የሚወርደው እንደ ሻይ የጠቆረ ውኃ ጨዋማው ላይ ተንሳፎ ብርሃኑን ስለሚጋርድ፣ ጥልቁን የለመዱ እንስሳት ብራኪዮፖዶችን ጨምሮ ጠላቂ ዋናተኛ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይኖራሉ።

አጠገባችን ያለው ቀይ ባሕር ደግሞ ተቃራኒው ነው። መሀሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ግን በባብኤል መንደብ በኩል፣ በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ እንደ ደፍ ከፍ ያለው የባሕር ወለል ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውኃ አልፎ አይገባም። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውኃ እስከ ታች ድረስ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። በሌሎች ውቅያኖሶች እዚያ ጥልቀት ላይ ውኃው ከ4 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የቀዝቃዛውን ጥልቅ ባሕር ብራኪዮፖዶች እዚያ የሚፈልግ ሰው ይቸገራል፤ ቀይ ባሕር ብራኪዮፖድ የለውም ማለት ግን አይደለም፣ ትንንሾቹ በኮራል ሥርና በዋሻ ጥላ ውስጥ አሉ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ቃል ለማስተካከል ብቻ አይደለም። «ጠፍተዋል» ያልነውን ነገር ማንም አይጠብቀውም። በፓስፊክ፣ በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ክላሪዮን ክሊፐርተን በሚባለው ሰፊ ቦታ፣ ከ4,000 ሜትር በታች፣ ማንጋኒዝና ኒኬል ያለባቸው ድቡልቡል ድንጋዮች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። አንዱ ድንጋይ በሚሊዮን ዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በዚያ የጭቃ ሜዳ ለሚጣበቅ እንስሳ ዋናው ጠጣር ነገር እነዚህ ድንጋዮች ናቸው፤ ከቦታውም ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ብራኪዮፖዶች ተገኝተዋል። አሁን ኩባንያዎች ድንጋዮቹን ለባትሪ ማዕድን ሊለቅሟቸው ይፈልጋሉ፣ ኪንግስተን ጃማይካ ያለው ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣንም የማዕድን ቁፋሮውን ሕግ ሲከራከርበት ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሙከራ የተፋቀው ቦታ ዱካው ዛሬም ይታያል። ድንጋዩ ከተነሣ የተጣበቀበትም አብሮ ይሄዳል፣ ሌላ ድንጋይ እስኪያድግ ደግሞ ማንም አይጠብቅም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ዐረፍተ ነገሩን አስተካክሉልን። ቦታ ካላችሁ ደግሞ ስለ ባሕር ወለል ማዕድኑ አንድ ገጽ ጻፉበት፤ ስለ ዓባይ በረሃ የጻፈው ጋዜጠኛ ቢይዘው በደንብ ይሠራዋል ብዬ አምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ