ሰባራ ድልድይን ስትጠግኑ ስብራቱን ተዉልን

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ በሞጣና በአንዳቤት መካከል፣ ዓባይ ላይ ስላለው ሰባራ ድልድይ ነው።

ድልድዩ የዐፄ ፋሲል ዘመን ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን "የፖርቱጋል ድልድይ" ይለዋል። ይሄ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። ፋሲል እኮ ከፖርቱጋሎች ጋር የተቆራኙትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ጀስዊቶችን፣ ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው።

"ሰባራ" ያሰኘው ጎርፍ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር ብለው መካከሉን ያፈረሱት አርበኞች ናቸው። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሕዝቡ በገመድ ተሻገረ። ተሻጋሪው በገመድ ይታሰራል። ወዲህ ያሉት ወንዶች ቀስ እያሉ ይለቁለታል፤ ወዲያ ያሉት ይጎትቱታል። ከሥሩ ዓባይ ነው። ገበያም ሕክምናም የሚኬደው እንዲህ ነበር።

ይህን በመጽሔት ፎቶ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ አላስቻለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ በክፍተቱ ላይ የብረት ርብራብ ድልድይ ዘረጋ። ዕቃው በአህያ ነው የተጓጓዘው። በ2005 ግን ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። በ2009 እዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራና ሰው ተነፈሰ።

እንግዲህ አሮጌው ድልድይ ከሸክም ነጻ ነው። ልመናዬም ከዚህ ይነሣል። ነገ ጥገና ሲታሰብ፣ እባካችሁ ያንን ክፍተት በኮንክሪት አትድፈኑት። የፋሲል ግንበኞች ሥራ ቅርስ እንደሆነ ሁሉ፣ አርበኞቹ የሰበሩትም ቅርስ ነው። ክፍተቱ ከተደፈነ ልጆቻችን የሚያዩት አንድ ተራ የድንጋይ ድልድይ ነው።

የቆመው ክፍል ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። በግንቡ ስንጥቅ ቁጥቋጦ ከበቀለ ሥሩ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል፤ በየዓመቱ ይታይ። የሚጠገነውም በኖራ ይሁን። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ አሮጌውን ድንጋይ ያስፈረፍረዋል። ከዳር ደግሞ ማን እንዳሠራው፣ ማን ለምን እንደሰበረው የሚናገር ሰሌዳ ቢቆም ደስ ይለናል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለኝ ግን የገመዱ ነገር ነው። ገመድ ሲጎትቱ የኖሩ፣ በገመድም የተሻገሩ ሰዎች ዛሬ በሁለቱም ዳር አሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። መቅረጫ የያዘ አንድ ባለሙያ ላኩላቸው። እጃቸውን ዘርግተው ገመዱ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር