ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን አትግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ እናቶች ጤና ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ አምቡላንስ፣ ስለ ደምና ስለ መድኃኒት ነው። ይወራ፣ ሁሉም ያስፈልጋል። እኔ ግን በየቀኑ የማየው ሌላ ጉድለት አለ። ነፍሰ ጡሮቻችን ለክትትል የሚመጡት ብቻቸውን ነው። የሚመለሱትም ብቻቸውን ነው። ብዙዎቹ እቤት ሲገቡም የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

ከተማችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጣለች። ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ። ከመንዝ፣ ከጣርማ በር፣ ከሞረትና ጅሩ የመጡ ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከቤታቸው ተፈናቅለው መጠለያ ውስጥ ያሉም አሉ። የነሱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

በእናቶቻችን ጊዜ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነበር። ወሩ ሲገፋ ልጅቱ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እናት የበላችውንም ያልበላችውንም ታያለች። አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፣ ፊቷ ሲለዋወጥ ቀድሞ የሚያውቅባት ሰው አለ። ያ ዘመን ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ በምጥ የቀሩትን ቤተሰብ ሁሉ ያውቃቸዋል። አሁን ሐኪሙ ቀርቧል፣ እናትየው ግን ራቀች። የእሷን ቦታ የሚይዝ ሰው አላዘጋጀንም።

የክትትል ክፍላችን ውስጥ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ክብደት እንመዝናለን፣ የደም ግፊት እንለካለን፣ የሆዷን ከፍታ እንለካለን፣ የጽንሱን የልብ ምት እናዳምጣለን። ደምና ሽንት ይመረመራል፣ የቴታነስ ክትባት ይሰጣል፣ የደም ማነስን የሚከላከል የአይረን (ብረት) ክኒን ይታደላል። ይህ ሁሉ አገልግሎት በነፃ ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ግን ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ብዙ ናቸው። ለአንዷ የሚደርሳት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ጥያቄ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚለው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ራሴን ያመኛል እያለች ትመላለስ ነበር። በእርግዝና ወቅት ራስ ምታት ቀልድ አይደለም። ግፊቷን ለካሁ፣ ደህና ነው። ሽንቷ ተመረመረ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ «የኔ እናት፣ እቤት ማን አለሽ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፣ እንባዋ ብቻ ወረደ። ባሏ የከባድ መኪና ረዳት ነው፣ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው የሚውለው። ታላቅ እህቷ በወሊድ ነው የሞተችው። ልጅቱ ሌሊት እየባነነች ትነሳለች፣ እስኪነጋ ድረስ ቁጭ ብላ ታድራለች። ለሚወለደው ልጅ አንዲት ጨርቅ እንኳ አልገዛችም። «አልተርፍም ብዬ ነው ሲስተር» አለችኝ።

ለማንም አልነገረችም። ማን ጠይቋት?

እዚያው ሆነን ለእናቷ ደወልን። አንኮበር አካባቢ ናቸው። በሳምንቱ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዘው መጡ፣ እስክትወልድም አብረዋት ቆዩ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እየሄደች ታያት ጀመር። ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ለሁሉም ሴት እንዲህ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሆድ ብሷት የምትቆይ፣ ድሮ ደስ የሚላት ነገር ሁሉ ያስጠላት፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያላት፣ «ብሞት ይሻለኛል» የምትል ሴት ሕክምና ያስፈልጋታል። ሕክምናውም አለ። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተው ግን ነውር ነው።

ይህን የምለው ሆዴ ስለሚባባ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች ወደ 16 የሚሆኑት፣ ከወለዱት ደግሞ ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል። አብዛኛው ድብርት ነው። በአገራችንም ተጠንቷል። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ቡታጅራ ላይ ከ1,000 የሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በእርግዝናቸው ወቅት ጭንቀት የጠናባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እኔ እዚህ አልጋ ዳር የማየውም ይኸው ነው። የፈራች ሴት ሰውነቷ ይቆለፋል።

ነገሩ ወደ ምግቡና ወደ ክኒኑም ይሄዳል። አይረን ስትጀምር ሆዷ ይደርቃል፣ ሰገራዋ ይጠቁራል፣ ያቅለሸልሻታል። ትደነግጣለች። የምታማክረው ሰው ሲጠፋ ከጎረቤት አንዷ «ክኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጡ ይከብድሻል» ትላታለች። በቃ፣ ክኒኑ ትራስ ሥር ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ክኒኑን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱ እናቶች ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ። ስንፍና አይደለም። ክኒኑን ስንሰጥ የሚሰማው እሷ ብቻ ናት፣ እቤት ደግሞ ሌላ ነገር ይነገራታል። ባል ወይም አማት አብረው ቢሰሙ ነገሩ ይለወጣል። ሰገራ መጥቆሩ የሚያስፈራ አይደለም። ካቅለሸለሻት ማታ ከምግብ ጋር ትውሰደው። ቡናና ሻይ ግን ከክኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ፣ አለበለዚያ ብረቱ ሰውነቷ ውስጥ በደንብ አይገባም። አንዲት አማት ይህን ከሰሙ በኋላ የቡናውን ሰዓት ራሳቸው ቀየሩት። እንዲህ ያሉ እናቶች ናቸው የሚያስፈልጉን።

ወተትና ሙዝ ልጁ ላይ ይለጠፋል የሚባለውም እንዲሁ እውነት አይደለም። ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር የተፈጥሮ ነው፣ ከወተት የመጣ አይደለም። አቅሙ ካለ ወተት ትጠጣ።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚመጡ አሉ፣ ደማቸውም ግፊታቸውም ወርዶ። ጾሙን ተዪ ብዬ አላዝም፣ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም። «ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው» ነው የምለው። የጠየቁት አብዛኞቹ ተፈቅዶላቸው ተመልሰዋል። አባቶቻችን ሳይጠየቁ ቀድመው ቢናገሩልን ደግሞ እንዴት በጠቀሙን!

ባሎችን በተመለከተ ሁሉም ግድ የላቸውም የሚል ወሬ አልወድም። ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ ድረስ ይመጣሉ፣ ግን ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆመው ይቀራሉ። ይግቡ ያላቸው የለም። አንድ ግንበኛ እንዲህ ቆሞ አየሁትና «ወንድሜ፣ ና ግባ» አልኩት። እያፈረ ገባ። አደገኛ ምልክቶቹን ለሁለቱም ነገርኳቸው፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውሃ ያለጊዜው መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሌሊት ሚስቱ ፊቷ አብጦ «ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ» አለችው። ጎረቤት «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ጨምቁላት» አለ። እሱ ግን አልሰማቸውም። በባጃጅ ይዟት መጣ። ግፊቷ ጣሪያ ነክቶ ነበር። እንዳትንቀጠቀጥ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጥተን ወደ ሆስፒታል ላክናት። እሷም ልጁም ተረፉ። ያን ቀን እዚያው ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ በዳማ ከሴ ያልፍ ነበር።

ለአሠሪዎችም ቃል አለኝ። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ለክትትል በመጣችበት ቀን ደመወዟ ተቆርጦባት እያለቀሰች ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ መዝለል ጀመረች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእርግዝና ምርመራ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እሷ የሐኪም ማስረጃ ማምጣት ብቻ ነው ያለባት። እኛም ማስረጃውን እንጽፋለን። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት አላት። እህቶቼ፣ ይህን ዕወቁት። አለቃ ሲቆጣ ዝም አትበሉ። ለአባት የተፈቀደው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ለእኔ በጣም ትንሽ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በሦስተኛው ቀን ገና በቅጡ ቀና ብላ አትሄድም። ሕግ አውጪዎች ቢያስቡበት።

አሁን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ልግባ። ከሁሉም የሚቆረቁረኝ እሱ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ ስትደርስ እናቷን፣ እህቷን ወይም ባሏን «እናንተ ውጭ ጠብቁ» እንላቸዋለን። እሷ ወደ ውስጥ ትገባለች። ያላየችው ክፍል፣ የማታውቀው ሰው፣ የማታውቀው አልጋ። አዋላጇ አንድ ናት፣ የምታምጠው ሁለትና ሦስት ልትሆን ትችላለች። ሁሉም ጋ ቁጭ ልበል ብትል እንኳ አትችልም። ድሮ ምጥ ሲጠና ሴቶቹ ዙሪያውን ሆነው «ማርያም ማርያም» ይሉላት ነበር። ወገቧን የሚደግፍ፣ ግንባሯን የሚጠርግ፣ «አይዞሽ» የሚላት ሰው ነበራት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። ቅንጦት ስለሆነ አይደለም። አብሯት ሰው ያለላት ሴት ምጧ ያጥራል፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏም ይቀንሳል።

ለምን አይደረግም ሲባል የሚሰጠው ምክንያት አልጋዎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ የሌላዋ ገመና ይታያል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይታያል። መፍትሔው ግን መጋረጃ ነው። በአልጋ መካከል አንድ ሽቦ ተወጥሮ መጋረጃ ቢሰቀል፣ ለአስታማሚዋ ንጹሕ ጋውንና ነጠላ ጫማ ቢዘጋጅ ያልቃል። ብዙ ጤና ጣቢያዎች አራሷ እዚያው ገንፎ እንድትበላ፣ ቡና እንዲፈላ ፈቅደዋል። ያ ሲጀመርም አይሆንም ያሉ ነበሩ፣ ሆነ። ገንፎውን ያስገባን፣ ገንፎውን የምታገነፋዋን እናትማ ማስገባት አያቅተንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የከተማችንና የዞናችን የጤና ኃላፊዎች በማዋለጃ ክፍሎች መጋረጃ እንዲሰቀል፣ አንድ ሰው አብሮ እንዲገባ የሚፈቅድ ደብዳቤ እንዲወጣ ያድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ስምንት ጊዜ ክትትል ይመክራል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ በአገራችን አራትና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት ከ100 እናቶች 43 ነበሩ። ስምንቱ ሁሉ ሰፊ ጊዜ ባያገኝ እንኳ ቢያንስ የመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ይሰጠው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቅልፏ፣ ሐሳቧ፣ እቤት ያለው ሰው፣ የሚመታት ሰው አለ ወይ የሚለውም ትጠየቅ። ይኸኛው ጥያቄ ባል በሌለበት ለብቻዋ ይሁን። ቀሪውን ግን ባል ገብቶ ይስማ።

እናንተም ባሎችና እናቶች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ ግቢው ውስጥ አትቁሙ። በሩን አንኳኩና «አብሬያት ልግባ» በሉ። እምቢ ካሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ባል መንገድ ላይ ከሆነ እህት ትምጣ፣ እህት ከሌለች የቤት አከራይዋ ትምጣ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ይሁን። የሰው ዓይን ፈርታ እርግዝናዋን የምትደብቅ ካለችም አትፍራ፣ እኛ ለማንም አንናገርም። ማርያም በሽልም ታውጣችሁ።

አንዲት አዋላጅ ነርስ
ከደብረ ብርሃን